እጅሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ

ኢየሩስ ተክለጻድቅን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳንሆዜ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። የሌላ ሰው የልብ መድኃኒት ስታዘጋጅ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ የራሷ ልብ ጉዳይ ሲሆን ግን ስልክ መያዝ እንኳ ያቅታታል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንስታ፣ አይታ፣ መልሳ ያስቀመጠችው ስንት ጊዜ እንደሆነ እናቷ ወይዘሮ ተናኘ መቁጠሩን ትተውት ነበር።

"ኧረ ተይው ልጄ፣ ስልኩም ይደክመዋል" አሏት።

"ሰዓት እያየሁ ነው እማዬ።"

ሰዓት! ግድግዳው ላይ ይህን የሚያህል ሰዓት ተሰቅሎ። ወይዘሮ ተናኘ ግን ልጃቸው የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የምትጠብቀው አንዲት ቃል ነበረች፤ "ወጣሁ" የምትል።

ባለቃሉ ባስልኤል ይባላል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ሄይዋርድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ አፓርታማ የሚጋራ ልጅ ነው። ሥራው ኦክላንድ ነው፤ ሀብታሞች የሚዝናኑባቸው ጀልባዎች ሥር እየገባ፣ ከታች የበቀለውን ዛጎልና አረም ይፍቃል። አምስት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲፍቅ የሰነበተ ሰው ቅዳሜ ይረፍ አይደል? የት ያርፋል! አየር የሚተነፍስበትን ጋን መኪናው ውስጥ ይጭንና ሞንተሬይ ይወርዳል፤ ጀልባ የለ፣ ምን የለ፣ ከዳር በእግሩ እየተራመደ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ለደስታው ይጠልቃል።

"ውሃው አይቀዘቅዝም?" ብላ ጠይቃው ነበር፣ ገና ሲተዋወቁ።

"በረዶ ነው። ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሼ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ግን ሥር ላይ ደን አለ ኢየሩዬ። የባሕር አረም እንደ ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ ፀሐይ በመሃሉ እየገባች... አንድ ቀን አሳይሻለሁ።"

እሷ ውሃው ውስጥ አንድ ቀንም አልገባችም። ዳር ላይ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ሥራ ሲኖራት ደግሞ በስልክ ትጠብቀዋለች። ከዳር የሚጠልቅ ሰው ደንብ አለው፤ ውጭ ያለ አንድ ሰው ሳያውቅለት አይገባም። ባስልኤልም ከመግባቱ በፊት የትኛው ዳር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይልክላታል፤ ሲወጣ ደግሞ "ወጣሁ" ይላል። ካለው ሰዓት አንድ ሰዓት ካለፈ የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት የእሷ ፋንታ ነው። ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ ያቺ ቃል ቀርታ አታውቅም።

ሌላም ምልክት አለ። ጠላቂ ከሩቅ ብቅ ሲል ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ፣ የጣቶቹን ጫፍ አናቱ ላይ ያገናኛል፤ ክብ ይሠራል። "ደህና ነኝ" ማለት ነው። "አንተስ ደህና ነህ?" ማለትም ነው፤ ስለዚህ ያየው ሰው እንደዚያው አድርጎ መመለስ አለበት። ኢየሩስ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን ነፍሷ ልትወጣ ነበር። እጅን ራስ ላይ መጫን እኮ በእኛ የለቅሶ ነው! ልጅ ሆና ተዝናንታ እጇን አናቷ ላይ ስታደርግ ወይዘሮ ተናኘ እንዴት አድርገው ይቆጧት እንደነበር አትረሳውም፤ "እጅሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ! ማን ሞተብሽ?"

ስለዚህ አትመልስለትም። በምትኩ ቀይ ሻርፗን ታውለበልብለታለች።

"ኧረ ኢየሩዬ፣ እዚህ ማውለብለብ 'አድኑኝ' ማለት ነው!" ይላታል እየሳቀ፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ።

"ምን ቸገረኝ። እጄን ግን ራሴ ላይ አልጭንም፤ አለቀ።"

ይስቁ ነበር። ያኔ ይስቁ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ባስልኤል ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሳንሆዜ ድረስ መጥቶ አቶ ተክለጻድቅ ፊት የተቀመጠ ቀን ነው። አቶ ተክለጻድቅ የኢየሩስ አባት ናቸው፤ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ሌሊት እየሠሩ አንድ ልጃቸውን ያስተማሩ፣ ቤታቸውን ከፍለው የጨረሱ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው።

"ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?"

"ጀልባ አጸዳለሁ ጋሼ።"

"ላዩን?"

"ሥሩን።"

አቶ ተክለጻድቅ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ውሃ ውስጥ የሚውል ሰው ማታ መመለሱ በምን ይታወቃል? ልጄ በር በር ስታይ እንድትኖር አላሳደግኳትም። በል፣ በሰላም ግባ" አሉት። ባስልኤል ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ከሄደ በኋላ ደግሞ ለሚስታቸው፣ "ይህን ሁሉ የለፋሁት ጀልባ ለሚፍቅ ልሰጣት ነው?" ሲሉ ኢየሩስ ከኮሪደሩ ሰማች። ንዴቱ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን የመጀመሪያው ንግግር ነበር። እውነታቸውን ነዋ! በር በር ማየት ከጀመረች እኮ ዓመት ሆናት።

በሳምንቱ ከሞንተሬይ ወረድ ብሎ ወዳለው ላቨርስ ፖይንት ሄዱ። የፍቅረኞች ቦታ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው የእነሱን የዚያን ቀን ጠብ ቢያይ ኖሮ ሌላ ስም ይፈልግለት ነበር። ባስልኤል ብቅ አለ፤ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ጠየቃት። ኢየሩስ አልተንቀሳቀሰችም። ሻርፗንም አላነሳችም። እንደገና ጠየቃት። ከዚያ እየዋኘ፣ እየተደናቀፈ፣ ያን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ሮጦ ወጣ።

"ምነው አልመለስሽልኝም? ፈራሁ እኮ!"

"ፈራህ? አንተ አምስት ደቂቃ ፈራህ። እኔ ዓመት ሙሉ ነው የፈራሁት!"

"ኢየሩዬ፣ ምን ሆነሻል?"

"አባዬ እውነቱን ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሞናስተሪ ነው ያልከኝ። ራስህ አይደለህ እንዴ 'እሱ ዳር ያስፈራል' ስትል የነበርከው?"

ብሏታል፤ አልዋሸችም። ሞናስተሪ ካርሜልን አለፍ ብሎ ያለ፣ ከላይ ሲያዩት የሚያምር የአሸዋ ዳርቻ ነው። አሸዋው ግን ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ማዕበሉ እግር ይጠልፋል። እዚያ የሚወጣ ሰው እንደ ሕፃን እየዳኸ ነው የሚወጣው፤ ቆሜ ልራመድ ያለውን ነው የሚጎትተው።

"ተጠንቅቄ እገባለሁ" አላት።

"ግባ። ለእኔ ግን አትላክልኝ። ገባሁም ወጣሁም አትበለኝ። በቃኝ።"

ፊቱን አየችው። እንዲከራከራት፣ እንዲቆጣት፣ አቅፎ እንዲያረጥባት ፈልጋ ነበር። እሱ ግን "እሺ" አላት። ያቺ "እሺ" እስከ ሳንሆዜ ድረስ ጆሮዋ ላይ ቀረች።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስትወጣ መኪናዋ መስታወት ላይ፣ ዝናብ መጥረጊያው ሥር፣ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ የጻፈው እጅ እርጥብ እንደነበር ያስታውቃል።

"ኢየሩዬ፣ አትላክልኝ ስላልሽ በስልክ አልጻፍኩም። ወረቀት ግን አልከለከልሽኝም። አባትሽ ልክ ናቸው። እኔ የማውቀው የባሕሩን በር ብቻ ነው። የትኛው ዳር በየት ተገብቶ በየት እንደሚወጣ ጠይቂኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ። የአባትሽ ቤት በየት እንደሚገባ ግን አላወቅኩበትም። ቅዳሜ እንዳልሽው አልልክልሽም። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ፤ ስወጣ ዳር ላይ ማንም ባይኖር እንኳ እጄን አነሳለሁ። አንቺ የምትቀመጪበትን የመሰለ ድንጋይ ፈልጌ፣ ወደ እሱ እያየሁ አነሳለሁ። ባስልኤል።"

ስድስት ጊዜ አነበበችው። መልስ ጻፈች፣ አጠፋች፤ ጻፈች፣ አጠፋች። አይ ኩራት! ሐሙስን በላባት፣ ዓርብን በላባት። ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ግን ተሸነፈች። ውሃ ውስጥ ሳይገባ ልደውልለትና "ላክልኝ፣ ወጣሁ በለኝ፣ እለምንሃለሁ" ልበለው አለች። ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም።

አሥራ ሰባት ጊዜ ደወለች።

እንግዲህ እናቷ "ስልኩም ይደክመዋል" ያሉት ይህን ጊዜ ነው። ኢየሩስ ስልኳን እንደገና አነሳች፤ የባስልኤል ስም የለም፤ የአካባቢው ዜና ግን አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ሞናስተሪ ዳርቻ ላይ የአንድ ጠላቂ አስከሬን ከውሃ ወጥቷል። ወንድ ነው፤ ዕድሜው በሠላሳዎቹ ይገመታል። ቤተሰቡ እስኪነገረው ድረስ ስሙ አይገለጽም።

ወንበሩን ሳትይዝ ቁጭ አለች፤ ወንበሩ በቦታው መኖሩ ደግ ነው።

"እማዬ" አለች፤ ድምጿ የእሷ አይመስልም። "ሞናስተሪ... ሰው ሞቷል።"

ወይዘሮ ተናኘ እጃቸው ላይ የነበረው ጭልፋ ወደቀ። አቶ ተክለጻድቅ ከጓሮ የአትክልት መቀሳቸውን እንደያዙ ገቡና "ምንድን ነው?" አሉ። ሲነገራቸው "አላልኩም?" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ዘጉት።

ኢየሩስ ለዚያ አካባቢ ፖሊስ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሕትናዋ ልክ የለውም፤ ግን በስልክ ስም መናገር አልችልም አለች። "ቤተሰብ ነሽ?" ስትባል ኢየሩስ ምን ትበል? ምኑ ናት? ቀለበት የለ፣ ወረቀት የለ። ባስልኤል እዚህ አገር ዘመድ የለውም፤ "ድንገት ቢሆን የሚጠራ ሰው" የሚል ፎርም በሞላ ቁጥር የሚጽፈው የጋሽ አባተን ስም ነው። ጋሽ አባተ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ልጁ ከአውሮፕላን ሲወርድ የተቀበሉት ሰው ናቸው። ደወለችላቸው። እሳቸውም አያነሱም።

"እሄዳለሁ" ብላ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። "ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ።"

"እንዲህ ሆነሽ አትነጂም! እኔ እነዳለሁ" አሉ አባቷ። ከዚያ ቀደም ድምፃቸው እንዲህ ሲሆን ሰምታ አታውቅም።

ይህን ጊዜ የበሩ ደወል ጮኸ።

ኢየሩስ ከፈተች። ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ፊት ለፊት ቀሲስ ፍሬምናጦስ፣ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው መስቀላቸውን እንደያዙ። ከኋላ የማታውቃቸው ረዥም ሽማግሌ በጥቁር ካፖርት። በመሃል ጋሽ አባተ፣ በጥቁር ሱፍ። ጋሽ አባተ ሌላ ጊዜ ሲያገኟት "የእኔ ዶክተር፣ ለእርጅና የሚሆን ክኒን አልመጣም?" ሳይሏት አያልፉም ነበር። ዛሬ ዓይኗን አላዩም። መሬት መሬቱን እያዩ፣ "አባትሽ አሉ?" ብቻ አሏት።

እናንተዬ፣ የእኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ ማን አለ? በስልክ አይነገር። በጠዋት፣ ሰብሰብ ብለው፣ ቄስ ይዘው፣ ጥቁር ለብሰው ይመጣሉ። ኢየሩስ ግድግዳውን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች።

አቶ ተክለጻድቅ መጡ። ሦስቱን በተራ አዩ፤ መቀሱን ቀስ ብለው መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። "ግቡ" አሉ፣ "ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ ቀሲስ ፍሬምናጦስ። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።"

"በባስልኤል ጉዳይ ነው" አሉ ጋሽ አባተ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ማን ሰማ! ኢየሩስ ሁለት እጇ ራሷ ላይ ወጣ፤ "ባስልዬ!" ያለችው ጩኸት ጎረቤት ያለውን ውሻ አስነሳ። ወይዘሮ ተናኘ ደረታቸውን እየደቁ ተከተሏት። "አልመለስኩለትም! ጠየቀኝ፣ ዝም አልኩት! ደህና ነሽ ወይ አለኝ፣ ዝም አልኩት!" ትላለች ወለሉ ላይ ተንበርክካ።

አቶ ተክለጻድቅ መሃል ቤት ቆመው ቀሩ። ከዚያ እኒያ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ጉልበታቸው ታጠፈና ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ቤቴ መጥቶ ጋሼ ብሎኝ... ሻዩን እንኳ ሳላስጨርሰው። ምን ይጎድልብኝ ነበር? ምነው ያን ቀን እሺ ባልኩት! ምነው ሰጥቼሃለሁ ባልኩት! ሰጥቼዋለሁ እኮ፣ በሰማኝ!"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

"ማንን ነው የሰጡት?" አሉ ቀሲስ ፍሬምናጦስ።

"ልጄን ነዋ! ለባስልኤል! አሁን ምን ያደርጋል..."

"ታዲያ እኛ ምን ቀረን?" አሉ ባለካፖርቱ። ምስኪን፣ ዓርብን ሙሉ ንግግር ሲያጠኑ ነበር የዋሉት።

"በስመ አብ!" አሉ ቀሲስ፣ አሁን ገና ገብቷቸው። "ለሽምግልና ነው የመጣነው እኮ! ማን ሞተ አሏችሁ?"

ጋሽ አባተ ኪሳቸውን እየዳበሱ "ልጁ መኪና ውስጥ ነው! ከመንገዱ ማዶ!" ብለው ጮኹ። "ሐሙስ ማታ መጥቶ አልቅሶ ነገረኝ፤ የቅዳሜውን መጥለቅ ትተህ ሽማግሌ ትልካለህ አልኩት። ትናንት ማታ 'ለእሷ ቴክስት ላድርግላት' እያለ አላስቀምጥ ቢለኝ ስልኩን ቀማሁት። ሽምግልና በቴክስት የት አገር ነው ያየኸው ብዬ!" ሁለት ስልኮች አወጡ፤ የራሳቸውንና የልጁን። ሁለቱንም ድምፃቸውን አጥፍተዋቸው ነበር። የልጁ ስልክ ላይ አሥራ ሰባት ያልተነሳ ጥሪ አለ፤ ሁሉም "ኢየሩዬ" ይላል።

"ደሞ ጥቁር ለብሳችሁ!" አሉ ወይዘሮ ተናኘ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

"ያለኝ ሱፍ ይኼው ነው እንግዲህ" አሉ ጋሽ አባተ።

ቀሲስ ፍሬምናጦስ አቶ ተክለጻድቅ አጠገብ ዝቅ አሉ። "ቃል ወጥቷል፤ ሦስት ሰው ሰምቷል።"

"ሞቷል ብዬ እኮ ነው አባታችን።"

"እንግዲያው በሕይወት ስላለ ይከለከላል?"

አቶ ተክለጻድቅ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ራሳቸውም አላወቁት። "አይከለከልም" አሉ። "አይከለከልም፤ ጥሩልኝ።"

ኢየሩስ ግን ጫማዋን ሳታደርግ ሮጣ ወጥታ ነበር።

ባስልኤል ያን ልቅሶ ሰምቶ ከመኪናው ወርዷል። ከመንገዱ ማዶ፣ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ አላወቀም፤ እሺ ተብሎ ይሁን ተባርሮ አላወቀም። ሽማግሌ የላከ ሰው ደጁ ድረስ አይመጣም፤ መኪኖችም በመሃላቸው ያልፋሉ። ኢየሩስን በባዶ እግሯ፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ አያት። የሚያውቀው አንድ መጠየቂያ ብቻ ነበር። ሁለት እጁን አነሳ፤ የጣቶቹን ጫፍ አናቱ ላይ አገናኘ። ደህና ነሽ?

ኢየሩስ ቆመች። በሕይወት አለ። በእግሩ ቆሟል፣ ሸሚዙ ደረቅ ነው። ዛሬ የሆነ ቦታ፣ የማታውቀው ቤት በር የእውነት እንደሚንኳኳ ታውቃለች። የሚመጣው ቅዳሜም ቅዳሜ ነው፤ ባሕሩም የትም አይሄድ። ልቧ እንደገና እንደሚሰቀል፣ ደቂቃ እንደገና እንደምትቆጥር ታውቃለች፤ ለዚህ ፍርሃት የሚሆን ክኒን እሷም ዘንድ የለም። ግን ሰው ጠይቋት መንገድ ዳር ቆሟል፤ ያለ መልስ ምን ያህል እንደሚፈራም ዛሬ አውቃዋለች።

እጆቿን አነሳች። ሁለቱንም፣ ከፍ አድርጋ፣ አናቷ ላይ አገናኘቻቸው።

ከኋላዋ ወይዘሮ ተናኘ በሩ ላይ ብቅ አሉና ደነገጡ። "ኧረ በሞትኩት! እጅሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ! ደሞ ማን ሞተብሽ?"

ኢየሩስ አላወረደችም።